ዝናብ የምታስገባው አውቶሞቢል፦ ከእንጅባራ የተጻፈ የክረምት የሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ መግቢያ፦ መኪናዋ ስትመጣ

ባለ አራት በር የቤት አውቶሞቢል ናት። ክረምቱን የምታድረው እንጅባራ፣ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍና ባሕር ዛፍ በተንጠለጠለበት ግቢ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙራ ነው። ጣሪያዋ ላይ በኋላ የተገጠመ ፖርቶመጋላ አለ። የጋቢናው ወለል ይረጥባል፤ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለው ወለልም ይረጥባል፤ የስኮርታው (የትርፍ ጎማው) ጉድጓድ ውሃ ይቋጥራል። ጠዋት መስታወቱን ከውስጥ ላብ ይለብሰዋል፤ በሩ ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ይመጣል።

ሦስት ቦታ መርጠቡ ግን ሦስት ማስገቢያ አለ ማለት አይደለም። አንድ ሊሆን ይችላል፣ አምስትም ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጠብታው የሚወርደው ምስማሩ ከላላበት ቦታ ርቆ እንደሆነ ሁሉ፣ መኪና ውስጥም ውሃው በላሜራው መጋጠሚያና በሽቦው ላይ ተንሸራቶ ከገባበት ርቆ ነው የሚወጣው። ከሞኬቱ ሥር ያለው ወፍራም ስፖንጅ ደግሞ ብዙ ሊትር ይጠጣል፤ ፊቷ ወደ ዳገት ስትቆም ከፊት የገባው ውሃ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ደንብ አንድ ነው፦ ውሃው ሲሄድ በዓይን ሳይታይ የሲሊኮን ቱቦ አይከፈትም። በግምት የተቀባ ሲሊኮን ብዙ ጊዜ መውጫውን ይደፍንና ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል። እሱ ላይ ደግሞ ቀለምም ሌላ ማስቲሽም አይዝም። ሲቀባ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ዓይነትማ አሲድ ስለሚለቅ የተላጠ ላሜራን ያዝገዋል። ለመኪና አካል ጨርሶ አይሆንም።

በመጀመሪያ ውሃው የዝናብ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ነጭ ሶፍት ሞኬቱ ላይ ተጭኖ ሲነሣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ካለው፣ በጣት ሲፈተግ ካንሸራተተ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ውሃ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በሙቀት መስጫው በኩል ነው። ንጹሕ ሆኖ ኤሲ በተሠራበት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ የኤሲው የማስወጫ ቱቦ ተደፍኗል። መኪናዋ ቆማ ስታድር ደረቅ ሆና፣ በጭቃና በኩሬ ላይ ስትነዳ ብቻ የምትረጥብ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከታች፣ ከጎማው ዋሻ ወይም ከወለሉ የጎማ ክዳኖች በኩል ነው። ይህቺ ቆማ እያደረች ነው የምትረጥበው፤ ሶፍቱም ያነሣው ጭቃ ብቻ ነው። እንግዲህ የሚመጣው ከላይ ነው።

በማግሥቱ፦ ወንበርና ሞኬት ማውጣት

የባትሪው ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ተፈታ። ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ከዚህ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከወንበሩ ሥር ያለው ቢጫ ሶኬት ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ አይዞርም፤ ከተዞረ የኤርባጉ መብራት በርቶ ይቀራል።

የፊት ወንበሮቹ እያንዳንዳቸው በአራት ባለ 14 ቡሎን ነው የተያዙት። የዛገ ቡሎን በጉልበት ከተዞረ ይሰበራል፤ ዘይት ረጭቶ ማሳደር ይሻላል። ቀጥሎ የበሩ ደፍ ላይ ያሉት ፕላስቲኮች ተነሡ፤ ክሊፓቸው እንዳይሰበር ወደ ላይ ቀጥ ተደርገው ነው የሚሳቡት። ከዚያ በእግር ጎን ያለው ክዳን ወጣ። ሞኬቱ ተነሥቶ ስፖንጁ ሲጨመቅ የጋቢናው በኩል ውሃው ወረደ፤ የኋላው ግራ ጥግ ከዚያ ያነሰ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ወለል ግን ደረቅ ነው። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ቢሆኑ ኖሮ መንገዱ ይረጥብ ነበር።

ከእግር ጎን ያለው ክዳን ሥር የሽቦ ሶኬቶች አሉ። አንዱ አረንጓዴ ዝገት ጀምሮታል። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ታጥቦ በለስላሳ ብሩሽ ጸድቶ ደርቋል። ወለሉ የረጠበ መኪና ላይ ያለ ምክንያት ፊውዝ የሚቃጠለው፣ መስታወት መውረድ እምቢ የሚለውና ሴንትራል ሎክ የሚያብደው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጋር ከመሄድ በፊት ሞኬቱን በእጅ መዳሰስ ይገባል።

የውሃ ፈተናው አዘገጃጀት

ቧንቧው ሁልጊዜ ስለማይመጣ ፈተናው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አስቀምጦ በቀጭን ጎማ በማውረድ ነው። ይህ ከቧንቧም ይሻላል፤ ስንት ሊትር የት እንደፈሰሰ ይታወቃል። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግፊቱ ደህና የሆነውን ጎማ ገልጦ ያስገባና የሌለ ጥፋት ያሳያል።

አንድ ሰው ውጭ ያፈስሳል፣ ሌላው በሩን ዘግቶ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ያያል። ውስጥ ያለው ላሜራ በጨርቅ ይደርቅና በተፈጨ ጠመኔ ይነሰነሳል፤ ውሃው ያለፈበት መንገድ በነጩ ላይ ጥርት ብሎ ይቀራል። መጋጠሚያ ባለበት ቦታ ደግሞ የሶፍት ቁራጭ በወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል።

ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው። ከጣሪያ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ እያጠበ ስለሚወርድ ማን እንዳስገባ አይለይም። አንዱን ቦታ 10 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ውስጡን አይቶ አድርቆ ወደሚቀጥለው። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ቀስ ብሎ ሞልቶ የሚያልፍ ውሃ በሁለት ደቂቃ አይታይም።

የመጀመሪያው ማስገቢያ፦ ከመጥረጊያው ሥር ያለው ቦይ

ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ መጥረጊያዎቹ በተተከሉበት ቦታ ጥቁር የፕላስቲክ ወንፊት አለ። ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የላሜራ ቦይ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ በፓርፋንጎው (የፊት ጎማውን በሚሸፍነው የጎን ላሜራ) ውስጥ ወደ መሬት የሚያወርድ መውጫ አለው። በዚሁ ቦይ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በጋቢናው በኩል፣ ብሎወሩ (አየር ወደ ውስጥ የሚነፋው ማራገቢያ) አየር የሚስብበት አፍ አለ። አፉ ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው። ውሃው ከከንፈሩ በታች እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም። መውጫው ተደፍኖ ውሃው ከንፈሩን ካለፈ ግን በብሎወሩ በኩል በቀጥታ ጋቢና የተቀመጠ ሰው እግር ላይ ይወርዳል።

ምን ያህል ውሃ ነው ለሚል፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያውና የፊት መስታወቱ አንድ ላይ ወደ 3 ካሬ ሜትር ቢሆኑ፣ 30 ሚሊ ሜትር የጣለ የሐምሌ ዝናብ 90 ሊትር ያወርድባቸዋል። ከዚህ ትልቁን ድርሻ የሚቀበለው ይህ ቦይ ነው። መውጫው የአውራ ጣት ያህል ስለሆነ እፍኝ ቅጠል ይበቃዋል።

እዚህ አገር ደግሞ ቅጠሉ ራሱ የተለየ ችግር አለው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ረጅም ስለሆነ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ በእጅ ይለቀማል። የዲከረንስ ቅጠል ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ በወንፊቱ ዓይን ሁሉ ያልፋል። ታች ሲደርስ ከበጋው አቧራ ጋር ይቦካና እንደ ጭቃ ይጋገራል። በፋግታ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ዲከረንስ ሥር የምታድር መኪና ወንፊቷ ከላይ ንጹሕ ሆኖ ቢታይም ቦይዋ ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ወንፊቱን ለማንሣት መጀመሪያ መጥረጊያዎቹ የቆሙበት ቦታ መስታወቱ ላይ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ይደረግበታል፤ አለበለዚያ ሲመለሱ ከመስታወቱ ውጭ ይጠርጋሉ። የመጥረጊያው ዳዶ እንደ መኪናው 12 ወይም 14 ነው። ዳዶው ወጥቶ ክንዱ እምቢ ካለ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ነው፤ በካቻቢቴ መፈንቀል መስታወት ያሰነጥቃል። ከዚያ የኮፈኑ ጎማ፣ ቀጥሎ ክሊፖቹ። የፕላስቲክ ክሊፕ ሲያረጅ ይሰባበራል፤ አምስት ስድስት ትርፍ መያዝ ነው።

ከሥሩ የወጣው ጥቁር ብስባሽ የፕላስቲክ ሳህን ሞላ። የጋቢናው በኩል መውጫ ፈጽሞ ተደፍኗል፤ የሾፌሩ በኩል በጠብታ ያወርዳል። ብስባሹ በእጅና በማንኪያ ነው የወጣው። በውሃ ገፍቶ ማውረድ ይቀላል፤ ግን ወደ መውጫው ጠቅጥቆ ያሽገዋል። ሹል ሽቦም ቀለሙን ይፍቅና ለዝገት በር ይከፍታል፤ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ወይም ላስቲክ የለበሰ ሽቦ ይሻላል። አንዳንድ መኪና ላይ መውጫው ጫፍ ላይ ከንፈሩ የገጠመ የጎማ አፍ አለ። እሱ በሁለት ጣት ተጨምቆ ሲከፈት የቀረው ጭቃ ይወርዳል።

የፊት ጎማው ዋሻ ፕላስቲክም መነሣት አለበት። ከቦይው የወረደው ቆሻሻ በፓርፋንጎውና በበሩ ምሰሶ መካከል ተከማችቶ እርጥበት ይዞ ይኖራል። ላሜራውን ከውስጥ የሚበላው እዚያ ነው፤ ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ የሚታየው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚህ መኪና ላይ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ታጥቦ ደርቆ አንቲረስት ተቀባ።

ፍተሻ፦ 10 ሊትር በአንድ ጊዜ ቦይው መሐል ተደፋ። ውሃው በሁለቱም ጎማ ኋላ ወዲያው ወረደ፤ የብሎወሩ ከንፈር አልረጠበም። ብሎወሩ ወጥቶ ታየ፤ ቢላዎቹ ላይ ቅጠል ነበረ፣ ሲዞርም ይንጫጫ ነበር። የብሎወሩ አየር ማጣሪያም ሻግቶ ስለነበር ተጣለ። የሻገተ ማጣሪያ አጥቦ መመለስ አያዋጣም፤ ሽታው ከእሱ ነው የሚወጣው።

ሐምሌ አጋማሽ፦ የኋላው ግራ በር

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በበር ነው። የበሩን የመስታወት ጎማ ቢያጠብቁ ውሃ የማይገባ ይመስላቸዋል። በር ውስጥ ግን ውሃ ሁልጊዜ ይገባል፤ እንዲገባም ሆኖ ነው የተሠራው። በመስታወቱና በውጭው ጎማ መካከል የሚወርደው ዝናብ በበሩ ሆድ ውስጥ አልፎ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ወደ ሰው መቀመጫ እንዳያልፍ የሚያግደው ከጌጡ ፕላስቲክ ኋላ የተለጠፈው ላስቲክ ብቻ ነው።

የዚህን በር ጌጥ ስናነሣ ታሪኩ ግልጽ ሆነ። የመስታወት ማውጫው ከዚህ በፊት ተሠርቶ፣ ላስቲኩ ተቀዶ በስኮች ተለጥፏል። ስኮች እርጥበት ላይ አይቆይም፤ የታችኛው ጠርዝ ተገንጥሎ ወደ ውጭ ታጥፏል። ከበሩ ሥር ካሉት ሦስት ቀዳዳዎች ሁለቱ በደረቀ ጭቃ ተደፍነዋል። መስታወቱ ላይ 2 ሊትር ብቻ ሲፈስ ውሃው በላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ በደፉ በኩል ወደ ሞኬቱ ሲገባ ጠመኔው ላይ ታየ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከውስጡ የሚንቦጫቦጭ ድምፅ ካለ የቀዳዳዎቹ መደፈን ምልክት ነው።

ቀዳዳዎቹ በእንጨት ስንጥር ከታች ወደ ላይ ጸዱ፤ ከዚያ ከላይ ውሃ ተለቀቀባቸው። አዲሱ ላስቲክ ለግንባታ ከሚሸጠው ወፍራም፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነው ነው፤ የአሮጌው ቅርጽ ላዩ ላይ ተነድፎ በመቀስ ተቆረጠ። የሽቦና የእጀታ ዘንግ ማለፊያዎቹ ከሚያልፈው ነገር እንዳይሰፉ ነው የሚበሱት።

ማጣበቂያው ቢውቲል የሚባለው ጥቁር የማይደርቅ ገመድ ነው፤ ለአንድ በር ውፍረቱ 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር የሆነ 4 ሜትር ያህል ይበቃል። እንጅባራ ካልተገኘ ባሕር ዳር ድረስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ አሮጌውን አለመጣል ነው፤ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ንጹሕና ደረቅ ላሜራ ላይ እንደገና ይይዛል። ሲሊኮን ግን እዚህም አይሆንም። ይህ ላስቲክ አንድ ቀን መከፈቱ አይቀርም፤ በሲሊኮን የተያዘ ሲከፈት ይቀደዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው የታችኛው ጠርዝ ነው። ላስቲኩ ከታች ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መግባት አለበት፤ በላዩ የወረደው ውሃ ተመልሶ ውስጥ እንዲንጠባጠብ። ጠርዙ በውጭ ከቀረ ዙሪያው ምንም ቢያምር በሩ ማስገባቱን ይቀጥላል።

የኋላው ኮፈንና የስኮርታው ጉድጓድ

ስኮርታው ወጥቶ ጉድጓዱ ደረቀ፣ ምንጣፉ ተነሣ። ውስጥ ገብቶ ማየት የሚፈልግ ሰው የኋላውን ወንበር ጀርባ አስቀድሞ አጥፎ መውጫ ያዘጋጅ፤ ቁልፉም ውጭ ባለው ሰው እጅ ይሁን።

የኮፈኑ ጎማ በሁለት መንገድ ተፈተሸ። ጎማው ላይ ጠመኔ ተቀብቶ ኮፈኑ ሲዘጋ የጠመኔው አሻራ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ከላይ ታተመ። ቀጥሎ ወረቀት በየቦታው እየተነከሰ ተሳበ፤ ሁሉም ቦታ እኩል ያዘ። ጎማው ደህና ነው።

ውሃው በቀኙ የኋላ መብራት ላይ ሲፈስ ግን ከመብራቱ ሥር ቀጭን መስመር ወርዶ ጉድጓዱ ጋ ደረሰ። መብራቱ በአራት ትንንሽ ዳዶዎች ነው የተያዘው፤ ከኋላው ያለው ስፖንጅ ደርቆ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። በ5 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ተተካ። ስፖንጁ ውሃ የማይጠጣ መሆን አለበት፤ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ውሃ ከሳበ አይሆንም። ዳዶዎቹ በተራ፣ በመስቀለኛ፣ ጥቂት ጥቂት ይጠብቃሉ። አንዱ ብቻ ከጠበቀ የመብራቱ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የአዲስ መብራት ነው።

ከኋላው ፓራውልት (መከላከያ) ኋላ፣ በግራና በቀኝ ላሜራው ላይ የጎማ ምላስ ያላቸው ትንንሽ መስኮቶች አሉ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ማስገቢያው ተገኘ ብሎ ሊደፍናቸው ይሞክራል። መደፈን የለባቸውም። በር ሲዘጋ የታፈነው አየርና የሰው ትንፋሽ እርጥበት የሚወጣው በእነሱ ነው፤ ከተደፈኑ በሩ ለመዘጋት ያስቸግራል፣ መስታወቱም ይብሱን ያልበዋል። መታየት ያለበት ምላሱ ወደ ውጭ ብቻ መከፈቱ፣ ዙሪያው ያለው ጎማም ከላሜራው ጋር መግጠሙ ነው። እነዚህ ደህና ናቸው።

ጣሪያና የፊት መስታወት

የፊት መስታወቱ በአጭሩ አለፈ። ከውጭ ዙሪያው የሳሙና ውሃ ተቀባ፣ መስኮቶቹ ተዘጉ፣ ብሎወሩ ከውጭ አየር እንዲስብ ሆኖ በሙሉ ኃይል ተለቀቀ። ቀዳዳ ቢኖር ሳሙናው ይኮፍሳል፤ አልኮፈሰም። ተቀይሮ የሚያስገባ መስታወት ካጋጠመ ከላይ ሲሊኮን መደረብ ትርፉ ድካም ነው። መስታወቱ ወርዶ፣ ጠርዙ ጸድቶ፣ በፖሊዩሪታን የመስታወት ማጣበቂያ እንደገና መያዝ አለበት።

ጣሪያው ግን ሥራ አለው። በሁለቱ ጎን ካለው ረጅም ቦይ ውስጥ የላሜራው መጋጠሚያ በማስቲሽ የተሸፈነ ነው። የፖርቶመጋላው እግር በግራ በኩል እየጫነ ማስቲሹን ሰንጥቆታል፤ ስንጥቁ ውስጥ ቡናማ ዝገት ይታያል። 20 ሊትር ቀስ ብሎ ሲፈስ የጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል እርጥበት ወጣ። ይህ ወለሉ ድረስ የሚደርስ አይደለም፤ ሦስቱን ቅሬታዎች አላመጣም። ከተተወ ግን ላሜራውን ይበላል።

የሚገባው ጥገና ይህ ነው፦ የተሰነጠቀው ማስቲሽ በሙሉ መፋቅ፤ ዝገቱን በ120 ብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ፣ ከዚያ በ240፤ አቧራውን በቤንዚን ሳይሆን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥረግ፤ አንቲረስት ቀብቶ ማድረቅ፤ ፖሊዩሪታን ማስቲሽ በመጋጠሚያው ላይ አፍስሶ በብሩሽ መጫን፤ በላዩ ቀለም። ፖሊዩሪታን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው፤ በሞቃት አየር በቀን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠናል፣ በብርድ ይዘገያል። ላሜራው ግን ሲቀባ አጥንቱ ድረስ ደረቅ መሆን አለበት። በእንጅባራ ሐምሌና ነሐሴ እንዲህ ያለ ቀን መጠበቅ አያስተማምንም። እርጥብ ዝገት ላይ ተቀብቶ ከሥሩ ከሚላጥ ጥገና ጊዜያዊው ይሻላል። ስለዚህ ፖርቶመጋላው ወረደ፣ ስንጥቁ በፀሐይ ክፍተት ደርቆ ጀርባው አሉሚኒየም በሆነ የቢውቲል ፕላስተር ተሸፈነ።

ነሐሴ፦ ማድረቅና መመለስ

ሞኬት እርጥብ ሳለ ከተመለሰ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ላዩ ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ ስፖንጁ ለሳምንታት እርጥብ ይቆያል። ስፖንጁ ከነሞኬቱ ወጥቶ በእግር ተረግጦ ተጨመቀ፣ ሻጋታው በሆምጣጤና በውሃ እኩል ድብልቅ ተጠርጎ፣ ዝናብ በማያገኘው ነፋሻ በረንዳ ላይ ተንጠለጠለ። መድረቁ የሚታወቀው አራት እጥፍ ሶፍት አስቀምጦ ላዩ ላይ አንድ ደቂቃ በመቆም ነው፤ ሶፍቱ ምንም ካልሳበ ደርቋል።

መኪና ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብቶ ማድረቅ የሚያስቡ አሉ። ፈጽሞ አይደረግ። በተዘጋ ቦታ የከሰል ጭስ ሳይሸት ሰው ይገድላል። የመኪናዋን ውስጥ ለማድረቅ ሞተሩን ውጭ ሜዳ ላይ አስነሥቶ፣ ሙቀቱንና ኤሲውን አንድ ላይ ከፍቶ፣ መስኮቱን በጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ኤሲው እርጥበቱን ይስባል፣ ሙቀቱ ከጨርቁ ያስለቅቀዋል።

ወለሉ ባዶ ሆኖ ጋዜጣ ተነጠፈበት። መኪናዋ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ፊቷን ወደ ዳገት፣ ሌላውን ፊቷን ወደ ቁልቁል አድርጋ አሳለፈች፤ አቋሟ ሲቀየር ውሃው የሚቆምበት ጥግም ይቀየራልና። ጋዜጣው በሁለቱም ደረቅ ሆኖ ተገኘ። ሞኬቱ ተመለሰ፤ የወንበሮቹ ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ገብተው ከዚያ በቡሶላ ጠበቁ፤ ቢጫው ሶኬት ተሰካ፤ ባትሪው የመጨረሻው ነው።

ለጥቅምት የቀረ፦ የቢውቲሉ ፕላስተር ተነሥቶ የጣሪያው መጋጠሚያ ከላይ በተጻፈው መንገድ ይሠራል፤ ፖርቶመጋላው ሲመለስ ከእግሩ ሥር 3 ሚሊ ሜትር የጎማ ንጣፍ ይገባል። የመጥረጊያው ቦይ በበጋው መጨረሻ፣ የግንቦት ዝናብ ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በክረምቱ መሐል ይከፈታል። ሌሎቹ ሦስት በሮች ላስቲካቸው ገና አልታየም፤ ከሥር ያሉት ቀዳዳዎቻቸው ግን ጸድተዋል።